የላሟ ቀንድና የላሟ እበት

የላም ቀንድ በእበት ይሞላና የአውሮፓን የብርድ ወራት መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል። ሲወጣ 100 ግራም ገደማው ውሃ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ይማሰላል፤ ከዚያ አንድ ሄክታር ማሳ ላይ ይረጫል። ባዮዳይናሚክ የሚባለው እርሻ አንዱ መለያ ይህ ነው። ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ስታይነር በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በሰጠው ተከታታይ ትምህርት ተጀመረ። «እኛ ወረዳ፣ ድባጤ ላይ ያዋጣል ወይ?» ላላችሁኝ መልሴ ይኸው።

ቀንዱን አላምንበትም። 100 ግራም እበት ለአንድ ሄክታር የሚሰጠው ናይትሮጅን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስታይነር ራሱም ነገሩን ያስረዳው ከሰማይ አካላት በሚመጣ ኃይል ነበር፤ ያን ኃይል ደግሞ የለካው ሳይንቲስት የለም። በ2013 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሊንዳ ቻልከር ስኮት የታተሙ ጥናቶችን መርምራ፣ እንደ ቀንዱ ያሉት የባዮዳይናሚክ ዝግጅቶች በራሳቸው ለውጥ ስለማምጣታቸው አሳማኝ ማስረጃ አላገኘችም።

ግን አብሮ የሚጣል ነገር እንዳይኖር እሰጋለሁ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ1978 ጀምሮ ባዮዳይናሚክ፣ ኦርጋኒክና መደበኛ ማሳዎች ጎን ለጎን እየተነጻጸሩ ነው። በ2002 የወጣው የ21 ዓመት ውጤት እንዳሳየው፣ በባዮዳይናሚኩና በኦርጋኒኩ ማሳ ምርቱ ከመደበኛው በአማካይ 20 በመቶ ቢያንስም የገባው ማዳበሪያና ኃይል ቢያንስ በ34 በመቶ ቀንሷል፤ የመሬት ትሉም በዝቷል። ልብ በሉ፣ ቀንድ ያልነካው ኦርጋኒኩ ማሳም አፈሩ ተሽሎት ነበር።

የእኛው አገር ማስረጃ ደግሞ ይበልጥ ልቤን ይነካዋል። ተመራማሪዎቹ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከ1996 ጀምሮ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር ኮምፖስት ሞከሩ። ኮምፖስት የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት እጥፍ ገደማ ሰጠ፤ በአማካይም ከኬሚካል ማዳበሪያው አላነሰም። ቀንድ የቀበረ አልነበረም።

ድባጤ ላይ የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው፤ ፍጉ ከየት ይምጣ? የቆላ ዝንብ የገንዲ በሽታ እያመጣ ከብቱን ይጨርስብናል። ስታይነር ያሰበው ከብት የሞላበትን እርሻ ነው። እኛ ግን የፍየል በጠጠር አለን፤ በየዓመቱ የምናቃጥለው የማሽላና የበቆሎ አገዳ አለን፤ የኦቾሎኒ ገለባም አለ። አሲዳማ የሆነው አፈራችን ኖራም ይፈልጋል፤ ኮምፖስቱ ኖራውን ሙሉ በሙሉ አይተካውም።

እባካችሁ ዘንድሮ አገዳውን አታቃጥሉት። ከማሳችሁ ግማሹ ላይ ኮምፖስት ጨምሩ፤ ግማሹን እንዳለ ተዉት። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዘር ዝሩና ምርቱን ለየብቻ መዝኑ። ያገኛችሁትን፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ እዚሁ ጻፉልኝ።