የሕፃናት ሞት፦ ዓመቱ ቀለለ፣ የመጀመሪያው ወር ግን ከበደ

በሰሜን ወሎ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን እናት «ስንት ወልደው ስንቱ አደገልዎ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል የሚሆኑበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም። የልጅ ልጃቸው መርሳ ወይም ወልድያ ላይ ይኸው ጥያቄ ቢቀርብላት ግን ብዙ ጊዜ ወለደችም አሳደገችም አንድ ቁጥር ትሰጣለች። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ኢትዮጵያ ባለፉት አሥርት ዓመታት ካስመዘገበቻቸው ለውጦች ትልቁ ሳይሆን አይቀርም።

አገር አቀፉ አኃዝም ይህንኑ ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ ዓመት ሳይሞላቸው እንደሞቱ አሳየ። በ1997ቱ ጥናት ቁጥሩ 77፣ በ2003ቱ 59፣ በ2008ቱ 48 ሆነ። የ2011ዱ አነስተኛ ጥናት ደግሞ 47 አገኘ። ከአሥር ሕፃናት አንድ ገደማ ይሞት ከነበረበት ዘመን፣ ከሃያ አንድ ገደማ ወደሚሞትበት ተሻገርን ማለት ነው። የሞቱ መጠን በግማሽ ቀንሷል የሚለው አባባል፣ በስብሰባም በሪፖርትም ቢደጋገም፣ እውነት ነው።

እውነቱ ግን ከአንድ ቁጥር ይሰፋል። ያ ቁጥር በውስጡ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ይዟል፤ ሁለቱን ያልለየ ንጽጽር ያለፈውን ድካም ያመሰግናል እንጂ ለቀጣዩ ሥራ መንገድ አያሳይም።

የወሩና የዓመቱ ልዩነት

የጤና ባለሙያዎች ሕፃን ዓመት ሳይሞላው የሚደርሰውን ሞት በሁለት ይከፍላሉ። ከተወለደ በ28 ቀን ውስጥ የሚደርሰው የጨቅላ ሕፃን ሞት ይባላል። ቀሪው ከአንድ ወር በኋላ፣ ዓመት ሳይሞላ የሚደርሰው ሞት ነው።

በ1992ቱ ጥናት ከ97ቱ 49ኙ ጨቅላዎች ነበሩ፤ ሌሎቹ 48 ወር ካለፋቸው በኋላ የሞቱ ናቸው። እኩል በእኩል ነበር ማለት ይቻላል። በ2011 ከ47ቱ 33ቱ ጨቅላዎች ሲሆኑ ወር አልፏቸው የሞቱት 14 ብቻ ነበሩ። ከወር በኋላ ያለው ሞት ከ48 ወደ 14 ወረደ፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ተቆረጠ። የመጀመሪያው ወር ሞት ግን ከ49 ወደ 33 ነው የወረደው፤ የተቀነሰው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። በ2011ዱ ጥናት ዓመት ሳይሞላቸው ከሞቱት ሕፃናት ከሦስቱ ሁለቱ ወራቸውን እንኳ አልጨረሱም።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከወር በኋላ ሕፃን ይገድሉ የነበሩት ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ እንደ ሐብሩ ባሉ ቆላማ ወረዳዎች ደግሞ ወባ ነበሩ። እነዚህን ቤት ለቤት መዋጋት ይቻላል። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ። ከ1997 ጀምሮ የአልጋ አጎበር በብዛት ተሠራጨ። ባለ አምስቱ ክትባት በ1999፣ የሳንባ ምች መከላከያው በ2004፣ የሮታ ቫይረስ ክትባት በ2006 ገቡ። ከ2003 ገደማ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ራሷ በጤና ኬላው እንድታክም ተፈቀደላት። መርፌ፣ የተቅማጥ ማከሚያ ዱቄት፣ እንክብልና አጎበር ከአስፋልቱ ርቆ ወዳለው ቀበሌ በእግርም በበቅሎም ይደርሳሉ።

የጨቅላው ሞት ግን ሌላ ጠባይ አለው። ያለጊዜ መወለድ፣ ሲወለድ መታፈንና ከባድ ኢንፌክሽን ናቸው ዋናዎቹ ገዳዮች። የታፈነው ሕፃን በደቂቃዎች ውስጥ የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ ትንፋሽ ልትሰጠው ይገባል። ያለጊዜው የተወለደው ሙቀትና ኦክስጅን ይፈልጋል። ለዚህ መብራት የማይጠፋበት ክፍል፣ ሌሊት የምትገኝ ባለሙያ፣ መንገድና አምቡላንስ ያስፈልጋሉ። እናትን በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ማውረድ በሚጠይቅ ቀበሌ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

በጤና ተቋም መውለድ በ1997 ከ100 እናቶች 5 ብቻ የሚደርሱበት ነበር። በ2003 10፣ በ2008 26፣ በ2011 48 ሆኑ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ይህን ያህል እናት ወደ ጤና ተቋም ስትሄድ፣ የጨቅላው ሞት በ2008 ከነበረበት 29 አልቀነሰም፤ የ2011ዱ ጥናት 33 ነው ያገኘው። ሞቱ ጨመረ ለማለት አይቻልም፤ የ2011ዱ ጥናት ያነጋገረው 8,885 ሴቶችን ብቻ በመሆኑ ልዩነቱ ከናሙና ስሕተት ወሰን አያልፍም። እናትን ደጃፉ ድረስ ማምጣት አንድ ነገር ሆኖ ሕፃኑን ማትረፍ ሌላ መሆኑን ግን ያሳያል።

ለአማራ ክልል ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። በ2008ቱ ጥናት የክልሉ የጨቅላ ሞት 47 ሲሆን ከሁሉም ክልሎች ከፍተኛው ነበር። አዲስ አበባ በዚያው ስሌት 18 ነበረች።

ጥያቄውን ማን ይመልሳል?

እነዚህ ቁጥሮች ከመዝገብ የተገኙ አይደሉም። ስዊድን ልደትና ሞትን ከ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ መዝግባለች። እንግሊዝ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ከ1,000 ሕፃናት 150 ያህሉ ይሞቱባት እንደነበር የምታውቀው ከመዝገቧ ነው። እኛ ዘንድ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ነው። በዚያው ዓመት ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ መረጃው የሚመጣው ከእናቶች ትዝታ ነው። ጠያቂዋ ዕድሜዋ ከ15 እስከ 49 የሆነችን ሴት የወለደቻቸውን ልጆች በሙሉ፣ መቼ እንደወለደች፣ ማን እንዳለ፣ ማን በስንት ወሩ እንደሞተ በተራ ትጠይቃለች። ቁጥሩ የሚዛባውም እዚሁ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙ ብዙ ጊዜ በሰባተኛው ቀን አቂቃ አውጥቶ ስም ያወጣል፤ ክርስቲያኑ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያነሣል። ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን ድንኳን አይተከልለትም፤ ሐዘኑ የእናቲቱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለማታውቃት ጠያቂ ስለ እሱ ላትናገር ትችላለች። በሕይወት ተወልዶ በሰዓታት የሞተው ሞቶ እንደተወለደ ይነገራል። «ዓመት ሆኖት ሞተ» የተባለው ደግሞ አሥር ወሩ ሊሆን ይችላል፤ ዓመት ሞልቶታል ተብሎ ከተመዘገበ ከሕፃናት ሞት ቁጥር ይወጣል። የእናቶች አነጋገር ግልጽነት ከክልል ክልል ስለሚለያይ፣ አንዱ ክልል ከሌላው ከፍ ብሎ የሚታየው በከፊል እናቶቹ ሳይደብቁ ስለተናገሩ ሊሆን ይችላል።

በሁለት ቆጠራ መካከል የወደቀው ረሃብ

ለወሎ ሰው የሁሉም ንጽጽር መነሻ የረሃቡ ዓመት 1977 ነው። ይሁንና ያ ዓመት ከአገሪቱ ቆጠራዎች ውጪ ነው። የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976፣ ረሃቡ ከፍታው ላይ ሳይደርስ ነበር። ሁለተኛው በጥቅምት 1987 መጣ።

ቆጠራ የሚጠቀመው በስኮትላንዳዊው ዊልያም ብራስ ስም በሚታወቀው ዘዴ ነው፤ ስንት ወለድሽ፣ ስንቱ አለ ተብሎ ተጠይቆ የሞቱ መጠን በስሌት ይገመታል። ይህ የሚሠራው እናት በሕይወት ካለች ነው። ከልጇ ጋር በረሃቡ ያለፈች እናት አልተጠየቀችም። በዚያ ዘመን 600 ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሰፍሯል፤ ሰፋሪዋ የምትጠየቀው እዚያ ነው። ወልድያ የየጁ አውራጃ መቀመጫ የነበረችበት የወሎ ክፍለ ሀገርና የዛሬው ሰሜን ወሎ ዞን ወሰናቸው አንድ አይደለም። እናም «በ1976 ከነበረው ዛሬ ስንት ቀነሰ?» ለሚለው ጥያቄ ለሐብሩ ብቻ የሚሆን ቀጥተኛ መልስ ከእነዚህ ቆጠራዎች አይወጣም።

መፈናቀሉ ዛሬም አለ። ከወለጋ ተፈናቅላ በሐብሩ ጃራ መጠለያ የተጠለለች እናት ጥናት ቢደርስባት፣ ወለጋ ላይ የወለደቻቸው ልጆች በሙሉ ለአማራ ክልል ይቆጠራሉ። ጥናቱ የሚይዘው አሁን የምትኖርበትን ነው።

አብረው የማይሄዱ ቁጥሮች

በየጽሑፉ የሚደጋገሙ ሦስት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው የጊዜ ስፋት ነው። የ2008ቱ ጥናት አገር አቀፍ 48 የተሰላው በ5 ዓመት ልደቶች ላይ ነው። ለክልሎች ግን ናሙናው ስለሚያንስ 10 ዓመት ይወሰዳል። የአማራን 67 ከአገሪቱ 48 ጎን አስቀምጦ «በ19 ይበልጣል» ማለት፣ የቆየውን ዘመን ሞት ጭምር የያዘን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ማጋጨት ነው። ክልሉን ከራሱ ጋር በተመሳሳይ ስሌት ሲያስተያዩ ግን መንገዱ ይታያል፤ በ1997 94፣ በ2003 76፣ በ2008 67።

ሁለተኛው የዕድሜ ክልል ነው። በ2006 መጀመሪያ ኢትዮጵያ የምዕተ ዓመቱን የልማት ግብ ቀድማ አሳካች ሲባል የተጠቀሰው ከ204 ወደ 68 የወረደው ቁጥር ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ሞት የሚመለከት ነው። ምንጩም የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንጂ አንድ ጥናት አይደለም። የ2003ቱ ጥናት ለዚሁ ዕድሜ 88 ብሎ ነበር። ግምቱ ስለ አንድ ዓመት፣ ጥናቱ ስለ 5 ዓመት አማካይ ስለሚናገር ሁለቱ አይቃረኑም።

ሦስተኛው የሆስፒታል መዝገብ ነው። እናቶች በብዛት ተቋም መውለድ ሲጀምሩ፣ ቀድሞ ቤት ውስጥ ሳይቆጠር ይቀር የነበረው ሞት መዝገብ ላይ ይታያል። ከመርሳና ከየጤና ጣቢያው የባሰባቸው ወደ ወልድያ ሲላኩ የወልድያ ሆስፒታል የሞት ቁጥር ይጨምራል። ያ ጭማሪ አንዳንዴ የሪፈራሉ መሥራት ምልክት ነው። የወረዳው ሪፖርትም የሚሰላው ከ1999ኙ ቆጠራ በተወሰደ የሕዝብ ትንበያ ነው፤ ተከታዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል።

ከ2011 በኋላ ያለው ንጽጽር

ከላይ የተዘረዘሩት ጥናቶች በሙሉ ከሰሜኑ ጦርነት በፊት የተካሄዱ ናቸው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትቆይ በሰሜን ወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። የክትባት ማቀዝቀዣ ሲዘረፍ ከወር በኋላ ያለው ሞት፣ አምቡላንስ ሲቆም የመጀመሪያው ወር ሞት ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚወጣ ማንኛውም ቁጥር ከ2011ዱ ጋር ሲተያይ ጨቅላውና ወር ያለፈው ለየብቻ መታየት አለባቸው፤ የትኛው አገልግሎት እንደተሰበረ የሚታወቀው በዚያ ነው።

የዓለም ግብ በ2022 ዓ.ም. ገደማ የጨቅላ ሞትን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ወደ 12 ዝቅ ማድረግ ነው። ለሐብሩ ይህ ሁለት ሥራ ይጠይቃል። የመጀመሪያው በመርሳና በየጤና ጣቢያው ለጨቅላ ሕፃን ሌሊትም ቀንም የምትደርስ ባለሙያ፣ ኦክስጅንና መብራት ማኖር ነው። ሁለተኛው ምዝገባ ነው። ሕጉ ልደት በ90፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። በሳምንቱ የሞተ ሕፃን ልደቱም ሞቱም በቀበሌው መዝገብ ላይ ሲሰፍሩለት፣ ወረዳው የዘንድሮውን ካለፈው ዓመት ለማስተያየት የአምስት ዓመት ጥናት መጠበቅ አያስፈልገውም።