403፦ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ

«ፎርቢደን» የምትለዋን ቃል ያላየ የኢንተርኔት ተጠቃሚ አለ ለማለት ይከብዳል። ነጭ ገጽ፣ ከላይ 403 የሚል ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ ይህን ገጽ ለማየት ፈቃድ የለህም የምትል አንዲት ደረቅ ዓረፍተ ነገር። ለምን? አይናገርም። ማንን ልጠይቅ? እሱንም አይናገርም። ይመልሳችኋል፣ በቃ።

ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ መረጃ አለመመጣጠን ብዙ ሰምቻለሁ፤ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው ሳያውቅ ሲገበያዩ ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ። 403 ለእኔ የዚያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰርቨሩ የከለከለበትን ምክንያት በራሱ መዝገብ ጽፎ አስቀምጦታል፤ ደንበኛው ግን ከቁጥሯ ሌላ ምንም አልተሰጠውም።

ቁጥሮቹን የመሥሪያ ቤት በር ላይ እንደቆሙ ዘበኞች አስቧቸው። 401 «መታወቂያ አሳይ» ባይ ነው፤ ካሳያችሁት ሊያስገባችሁ ይችላል። 404 «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አይሠራም» ይላል። 403 ደግሞ የፈለጋችሁትን በደንብ ሰምቷችኋል፤ «ገብቶኛል፣ ግን አታልፍም» ነው መልሱ። (አንዳንዱ ዘበኛ ሰውዬው ውስጥ እያለ «የለም» ይል የለ? ሰርቨርም ያደርገዋል። ጊትሃብ ላይ የሰው የግል ማከማቻ ያለ ፈቃድ ለመክፈት ብትሞክሩ የሚመጣው 404 ነው፤ መኖሩንም እንዳታውቁ።)

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡ፣ ከእናቴ ጋር በዕድር የሚተዋወቁ ሴት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ሱቃቸው ትንሽ ናት፤ ገበያቸው ግን ውጭ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ ከፍራንክፈርት ለፋሲካ ቀሚስ የሚያዙ ሰዎች በድረ ገጻቸው በኩል ይመጣሉ። ታዲያ ባለፈው ከበዓሉ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ድረ ገጹ 403 ማለት ጀመረ። አንድ ወር ብዙ ይመስላል፤ ግን ሸማኔው ጊዜ ይፈልጋል፣ ጥልፉ ጊዜ ይፈልጋል፣ ዕቃው ተልኮ እስኪደርስም እንደዚያው። በዚያ ሳምንት ያላዘዘ ሰው ለበዓሉ አይለብስም። «ልጄ፣ ሱቄን ማነው የዘጋብኝ?» አሉኝ ደውለው።

ማንም አልዘጋውም። ድረ ገጹን የሠራላቸው ልጅ በዚያው ሰሞን ወደ አዲስ ሰርቨር አዛውሮት ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚከፈተው የሰርቨሩ የስህተት ሎግ ነው። ብዙ ሰው እሱን ሳያይ ጉግል ላይ ያገኘውን መፍትሔ ሁሉ ይሞክራል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ የጊዜ ብክነት ነው። የእትዬ ሰርቨር አፓቼ ነው፤ ሎጉ ላይም ነገሩ በግልጽ ተጽፏል፦ ወደ ገጹ በሚወስደው መንገድ ካሉት ፎልደሮች አንዱ የማለፍ ፈቃድ ይጎድለዋል።

ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር ባለ ሦስት አሃዝ ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለቡድኑ፣ ሦስተኛው ለሌላው ሰው ሁሉ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ይደመራሉ። ለፎልደር ያቺ 1 ማለት አልፎ መግባት ናት። ለዚህ ነው ብዙውን ጊዜ ፎልደሮች 755፣ ፋይሎች 644 የሚደረጉት። ችግሩ የመጨረሻው ፎልደር 755 መሆኑ ብቻ አይበቃም። የሳሎኑ በር ወለል ብሎ ቢከፈት፣ የግቢው በር ከተቆለፈ እንግዳ አይገባም።

የእትዬም ጣጣ የግቢው በር ነበር። ልጁ ድረ ገጹን ያስቀመጠው በራሱ መጠቀሚያ ፎልደር ውስጥ ነው፤ በድሮው ሰርቨር ይሠራ ነበር። ኡቡንቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠሩ የተጠቃሚ ፎልደሮችን 755 የነበሩትን 750 አድርጓቸዋል። የመጨረሻዋ ዜሮ ለሌላው ሰው ሁሉ ዝግ ነው ማለት ናት፤ አፓቼም እዚህ ላይ «ሌላ ሰው» ነው።

ልጁ ምን ሊያደርግ ነበር መሰላችሁ? ሁሉንም 777 ሊያደርገው! ይህ ምክር በየቦታው ይሰጣል፣ ያናድደኛል። ቁልፍ ጠፋ ተብሎ የቤቱን በር መንቀል ነው፤ ሰርቨሩ ውስጥ በማንኛውም መንገድ የገባ ሁሉ የሱቁን ገጽ እንዳሻው መለወጥ ይችላል። ድረ ገጹን ለድረ ገጽ ወደተዘጋጀው የሰርቨሩ ፎልደር አዛወርነው፤ ተከፈተ።

ሽሮ ሜዳ ተከፈተ። ስቶክሆልም አልተከፈተም።

ሎጉን ስናይ መልእክቱ ተለውጧል፦ ደንበኛው በሰርቨሩ ሕግ መሠረት ተከልክሏል። ልጁ ከወራት በፊት የይለፍ ቃል እየገመቱ ሊገቡ የሞከሩ ሰዎችን ለማስቆም የአውሮፓ አይፒ አድራሻዎችን በጅምላ ዘግቶ ረስቶታል። ከፋይ ደንበኞች ያሉበትን አህጉር መዝጋት! ሎጉ ላይ ከስዊድንና ከጀርመን የመጡ፣ ቀሚስ ለማየት ሞክረው የተመለሱ አድራሻዎች በወራት ተደርድረዋል። እትዬ «አውሮፓ ገበያው ቀዘቀዘ» ሲሉን የከረሙት ለካ ይህንን ነበር። ክልከላውን መግቢያ ገጹ ላይ ብቻ አስቀርተን ሌላውን ከፈትነው።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ፎልደሩ ውስጥ መነሻ ገጽ ከሌለና የፋይል ዝርዝር ማሳየት ከተዘጋ 403 ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው አፓቼ 2.4 በፊት የተጻፉ የመግቢያ ሕጎች ወደ አዲሱ ሲገለበጡም ያምታታሉ። ሬድ ሃትና ዘመዶቹ ላይ ደግሞ ፈቃዱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ኤስኢሊኑክስ የሚባለው ጥበቃ ሊከለክል ይችላል።

መከልከል ያለበት ሰው ይከልከል፤ ግን በወጉ። ስለዚህ ለእትዬ የራሳቸውን የ403 ገጽ ሠራንላቸው። አፓቼ ላይ «ኤረርዶክዩመንት 403» ብሎ ከጎኑ የገጹን ፋይል መጻፍ ነው፤ ኢንጂንኤክስ ላይ «ኤረር ፔጅ 403»። ሁለት ነገር ግን ያስቸግራል። አንደኛ፣ የስህተት ገጹ ራሱ ወይም ሥዕሉ የተከለከለ ፎልደር ውስጥ ካለ፣ ለእሱም ሌላ 403 ይወጣል። ሁለተኛ፣ አፓቼ ላይ የገጹን ሙሉ የድረ ገጽ አድራሻ ከጻፋችሁ ሰርቨሩ ጎብኚውን ወደዚያ ያዛውረውና 403 የምትለዋ ቁጥር ትጠፋለች፤ ጉግልም የስህተት ገጹን እንደ ጤነኛ ገጽ ሊቆጥረው ይችላል። በአጭሩ፣ ከድረ ገጹ ሥር ጀምሮ ያለውን መንገድ ብቻ ጻፉ።

የእትዬ ገጽ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ትዕዛዝ በቴሌግራም መስጠት እንደሚቻል ይናገራል፣ የሱቁን ስልክ ይሰጣል። የሰርቨሩን ዓይነትና ቁጥር አይናገርም፤ እሱን ሌባ እንጂ ቀሚስ ገዢ አይፈልገውም። በዚያ ቴሌግራም የመጣው የመጀመሪያ ቅሬታ ቪፒኤን ከምትጠቀም አንዲት ደንበኛ ነበር፤ አድራሻዋ ከተዘጉት ውስጥ ገብቶ ኖሮ መግቢያው ገጽ መለሳት። በአንድ መስመር ፈታነው፤ ሁለት ቀሚስ አዘዘች።