እንፋሎትን ሁለቴ የምታሠራው የአስመራ ባቡር

ከምጽዋ ወደ አስመራ የምትወጣውን ጥቁር የእንፋሎት ባቡር ፎቶ ለሰው ባሳየሁ ቁጥር የምሰማው አስተያየት አንድ ነው፦ «የፊት ሲሊንደሮቿን ውፍረት እዩ! ጉልበቷ ያለው እዚያ ነው፤ የኋለኞቹ ለእገዛ ናቸው።» ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ስለ ባቡር የሚጽፉ ሰዎች ሳይቀሩ እንዲህ ሲሉ ሳነብ ዝም ማለት ያቅተኛል።

መሠረታዊውን ቶሎ ልጨርሰው። ጣሊያኖች ከምጽዋ ተነሥተው ሐዲድ መዘርጋት የጀመሩት በ1887 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ አስመራ የደረሱት በ1911። ርቀቱ 118 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ነው። የጂቡቲ–አዲስ አበባው አንድ ሜትር ነበርና «50 ሚሊ ሜትሩ ወዴት ሄደ?» ለሚል፦ የጣሊያን ሕግ አንዱን ሜትር የለካው ከአንዱ ሐዲድ መሐል እስከ ሌላው መሐል ነበር፤ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ሲለካ 950 ሆኖ ቀረ።

የእኔዋ ባቡር 442 በሚል መለያ የምትጠራው ናት። ጄኖቫ ውስጥ አንሳልዶ በ1938 ሠራት። ታላላቆቿ 440ዎቹ መስመሩ አስመራ ከመድረሱ በፊት ጀምሮ የመጡ ናቸው። ሁሉም የተሠሩት አናቶል ማሌ የተባለው ስዊዝ ተወላጅ መሐንዲስ በ1884 የባለቤትነት መብት ባወጣበት ንድፍ ነው። ይህ ንድፍ በ1889 የፓሪስ ዐውደ ርእይ ላይ፣ ገና አዲስ በነበረው የኤፍል ማማ አካባቢ፣ 600 ሚሊ ሜትር በሆነች ጠባብ ሐዲድ ላይ ጎብኚ ሲያመላልስ ታይቷል። ማሌ ያሰበው ለእንዲህ ያለው ቀጭን ሐዲድና ጠማማ መንገድ ነበር።

ቦይለሩ አንድ ነው፤ ከሥሩ ግን ሁለት ሞተር አለ። ኋለኛው ሻሲ ከቦይለሩ ጋር ተጣብቋል። ፊተኛው በማጠፊያ ተያይዞ ኩርባው ላይ ግራና ቀኝ ይላል። እንፋሎቱ ከቦይለሩ እንደወጣ መጀመሪያ የሚገባው ኋላ ወዳሉት ጠባብ ሲሊንደሮች ነው። እዚያ ፒስተን ገፍቶ ሲወጣ ግፊቱ ቀንሷል፤ መጠኑ ግን ሰፍቷል። ሌላ ባቡር ቢሆን በዚሁ በጭስ ማውጫው ይለቀው ነበር። ማሌ ግን በቧንቧ ወደ ፊት ወስዶ ዳግመኛ አሠራው። ቡና የሚጠጣ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ አቦሉ ከኋላ፣ ቶናው ከፊት። የደከመው እንፋሎት ከብርቱው እኩል እንዲገፋ፣ የሚገፋው ፒስተን ሰፊ መሆን አለበት። የፊት ሲሊንደሮች የወፈሩት ስለዚህ ነው፤ ግፊት ስለበዛላቸው ሳይሆን ስላነሳቸው።

ደካማው ከፊት የሆነበትም ምክንያት አለው። የፊተኛው ሻሲ ስለሚወዛወዝ እንፋሎት የሚወስድለት ቧንቧም መታጠፍ አለበት፤ የሚታጠፍ መጋጠሚያ ደግሞ ያፈሳል። ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት በማይንቀሳቀስ ቧንቧ ወደ ኋላ ሄዶ፣ የለዘበው ብቻ በመጋጠሚያው ሲያልፍ ጣጣው ይቀንሳል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ዳገት ላይ የሚሆነው ነው። የኋላ መንኮራኩሮች ቢንሸራተቱ ወደ ፊት የሚላከው እንፋሎት በዝቶ መሐል ላይ ይታመቃል፤ የታመቀው የኋለኞቹን ፒስተኖች መልሶ ይጫንና መንሸራተቱን ያረግበዋል። የፊቶቹ ቢንሸራተቱ ደግሞ መሐል ላይ ያለውን እንፋሎት ቶሎ ይጨርሱትና ጉልበት አጥተው ይረጋጋሉ። ነጂው እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ባቡሯ ራሷን መግራት ጀምራለች።

ጆሮም ይመሰክራል። አራት ሲሊንደር ያላት ባቡር መንኮራኩሯ አንዴ ሲዞር ስምንት ጊዜ ትተነፍሳለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው የሚሰማው አራት ብቻ ነው፤ ወደ ጭስ ማውጫው የሚደርሰው የፊተኞቹ ትንፋሽ ብቻ ነውና።

አንድ ችግር ነበራት፦ ከቆመችበት ስትነሣ ፊተኞቹ የሚደርሳቸው እንፋሎት የለም። ስለዚህ ለመነሻ ያህል ትኩስ እንፋሎት በቀጥታ ወደ ፊት የሚልክ ቫልቭ ይከፈታል። ለመነሻ ያህል! ከተነሣች በኋላም ክፍት የሚተወው ቸኳይ ነጂ ቦይለሩን ባዶ ያደርጋል፤ ከዚያ ዳገቱ መሐል ቆሞ ከሰሉን ይረግማል።

አሜሪካኖች የማሌን ማጠፊያ ወስደው በ1941 ቢግ ቦይ የተባለውን ግዙፍ ባቡር ሠሩ፤ ዛሬም ሰው «ማሌ» ይለዋል። ቢግ ቦይ ግን ለአራቱም ሲሊንደሮች በቀጥታ ከቦይለሩ ስለሚልክ እንፋሎቱን አንዴ ተጠቅሞ ይጥላል። ለእኔ ትክክለኛዋ ማሌ የአስመራዋ ትንሿ ናት።

መስመሩ ለምን እንደተሠራ ዘንግቼ አይደለም የማወድሳት። ኢትዮጵያን በ1935 ለመውረር ምጽዋ የተራገፈ ጦርና ስንቅ በዚሁ ሐዲድ ወጥቷል። ጦርነት ያገለገለውን ሐዲድ ኋላ ጦርነት ዘጋው፦ በ1970ዎቹ አጋማሽ አገልግሎቱ ቆመ፤ ሐዲዱና አግዳሚው እየተነቀለ ምሽግ ተሠራበት። ጥገናው በ1994 ሲጀመር የውጭ ኩባንያ ዋጋ ስላልተቻለ የተጠሩት ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ናቸው። ከምሽጉ የወጣውን ብረት አቃንተው፣ የማትነሣውን ባቡር አካል ለምትነሣዋ አድርገው፣ ወጣቶቹን እያስተማሩ በ2003 አስመራ ደረሱ። በአሮጌ መሣሪያና በመዶሻ ይህን ማድረግ የተቻለው ባቡሯ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚፈታ ነገር ስለሆነች ጭምር ነው።

ከጥገናው በኋላ ተከራይተው ሲጓዙባት የኖሩት በአብዛኛው የውጭ ጎብኚዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ካሜራውን ደግኖ፣ ከሰል የሚጨምሩትን ሽማግሌ «ጥቁር ጭስ ያድርጉልኝ» እያለ ሲለምን አይቻለሁ። ሽማግሌው በትሕትና ጨመሩለት፤ ሲጨምሩ ግን ፊታቸው ተኮሳተረ። ጥቁር ጭስ ማለት ሳይነድ የወጣ ከሰል ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጭሱ እንዲቀጥን ሲደክሙ የኖሩት ሰው የተጠየቁት እንዲያባክኑ ነበር፤ ያውም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ከሰል።