መኪናው አልነሳ ሲል፦ ከባትሪው በፊት የሚታየው ገመድ

የሥራ ማስታወቂያ ስታነቡ «ናያዱት ኾቫ» የሚል ሐረግ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ሠራተኛው የራሱ መኪና ሊኖረው ግድ ነው ማለት ነው። እኛ በኢየሩሳሌም ከቤት ቤት እየዞርን ሕሙማንን የምንረዳ ነርሶች፣ አረጋውያንን የሚንከባከቡ እኅቶቻችንም ጭምር፣ መኪናችን በጠዋት ካልተነሳ ሥራችን አልተጀመረም። ኢንሱሊን የሚጠብቁ እናት አሉ፤ ቁስላቸው በሰዓቱ ታጥቦ መታሸግ ያለበት አባት አሉ። አብዛኞቻችን የምንነዳው ደግሞ አዲስ መኪና አይደለም፤ ከዘመድ ወይም ከዘመድ ወዳጅ የተገዛ፣ 10 ዓመት ያለፈው ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ በትንሽ ገንዘብ በቤት ደጃፍ ሊደረግ ከሚችለው ሁሉ እኛ የምናስቀድመው የግራውንድ ገመዱን ማስተካከል ነው። እዚህ አገር በዕብራይስጥ «ሃአራካ» ይሉታል።

ነገሩ እንደ ደም ዝውውር ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣው ኤሌክትሪክ ሞተሩን ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ፣ ወደ መብራቱና ወደ ሬዲዮው ይሄዳል። ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ ነጌቲቩ መመለስ አለበት፤ መመለሻ መንገዱም የሞተሩና የመኪናው ብረት ራሱ ነው። ይህን ብረት ከባትሪው ጋር የሚያገናኙት ጥቂት ወፍራም ገመዶች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ደም ቅዳው ነው፤ እነዚህ ግን ደም መልሶቹ ናቸው። ደም መልስ ሲደፈን ደግሞ ልብ ጤነኛ ቢሆንም እግር ያብጣል።

ታዲያ መብራቱ ቦግ ብሎ እየበራ ሞተሩ ለምን አልነሳ ይላል? ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የዛገ መገጣጠሚያ 0.01 ኦም ተቃውሞ ቢፈጥር፣ 5 አምፔር ያህል የሚወስድ የፊት መብራት የሚያጣው 0.05 ቮልት ብቻ ነው፤ ዓይን አይለየውም። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ሲስብ በዚያችው ዝገት 1.5 ቮልት ይባክናል። ከ12 ቮልት ላይ ይህ ቀላል አይደለም።

በብርድ ወራት ደግሞ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል ወደ 800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ቅዝቃዜው የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተሩን ዘይት ያወፍራል፣ ሞተሪኖውም ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። በበጋ ተደብቆ የከረመው ዝገት በመጀመሪያው ብርዳም ጠዋት ይገለጣል። መኪናው ከአሽዶድ፣ ከአሽቀሎን ወይም ከነታንያ የመጣ ከሆነ ደግሞ የባሕሩ ጨው ሥራውን አስቀድሞ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ዘመዶቻችን በብዛት ያሉት እዚያ ስለሆነ የምንገዛውም ከዚያው ነው።

አንዲት ባልደረባችን በኢትዮጵያ ጎዳና፣ ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ፣ ለአንዲት አረጋዊት ፋሻ ለማቀበል ሞተሩን አጥፍታ ወርዳ ስትመለስ መኪናው «ጠቅ» ብቻ አለ። ጎዳናውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ ግንብ ነው፤ አንዱ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ተጎትቶ የሄደበት ጋራዥ ባትሪ ቀየረላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው «ጠቅ» ተመለሰ። አሁን ደግሞ «ሞተሪኖው ነው» ተብላ ከ1,000 ሼቄል በላይ ተጠየቀች። ጊቭዓት ሻውል ያሉ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን ከሁሉ በፊት የግራውንድ ገመዱን ጫፍ ላጥ አድርገው አሳዩዋት፤ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ገመዱ ከነሥራው 100 ሼቄል አልሞላም።

ይህን በቤት ለመፈተን ባትሪ የምንዋዋስበት ገመድ ይበቃል። ማርሹን ዜሮ (አውቶማቲክ ከሆነ ፓርክ) ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። የጥቁሩን ገመድ አንድ ጫፍ ከባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን ጫፍ ቀለም ካልተቀባ የሞተር ብረት ጋር አያይዙና አስነሱ። ቀይ ገመድ አያስፈልግም። ለወትሮው «ጠቅ» የሚለው ሞተር እሺ ብሎ ከተነሳ ጥፋቱ የግራውንዱ ነው፤ ባትሪ አትግዙ። ኮፈኑ ሥር ስትጎነበሱ ነጠላና ሻርፕ አውልቁ፤ የሚዞር ቀበቶ አለ።

ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጎ፣ አንዱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ሌላውን ከነጌቲቩ ራስ አስነክቶ፣ ሌላ ሰው ሲያስነሳ ይለካ። እስከ 0.3 ቮልት ድረስ ደኅና ነው፤ 0.5 ካለፈ ገመዱ ወይም መገጣጠሚያው ታሟል። የቴስተሩ ሽቦ አምፔር በሚለው ቀዳዳ አለመሰካቱን አስቀድሞ ማየት ነው።

መጠገኑ ከባድ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ መጀመሪያ ነጌቲቩን ፍቱ፣ በመጨረሻም እሱን እሰሩ፤ ምክንያቱም ፖዘቲቩን አስቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል። የገመዱን ቀለበትና የሚታሰርበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከላዩ ቫዝሊን ቀቡት። ቫዝሊኑ ከታሰረ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ገመዱ ከደረቀ ወይም ከተበጣጠሰ በታልፒዮት የመለዋወጫ ሱቆች ውፍረቱ ከነባሩ ያላነሰ ግዙ፤ ለብዙ ትናንሽ መኪኖች ከ16 እስከ 25 ሚሊሜትር ካሬ ነው። የኋላ መብራቱንም አትርሱ። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው አብሮ የሚደበዝዝ ከሆነ የዚያ የመብራቱ ግራውንድ ዝጓል፤ በቤጊን መንገድ ላይ ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው ፍሬናችሁን በደንብ አያይም ማለት ነው።

ባለቀለም ወፍራም ገመዶች በጥቅል አድርገው «ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጉልበት ይጨምራል» እያሉ የሚሸጡ አሉ። ከ20 ዓመት በፊት ገደማ በጃፓን ፋሽን ሆኖ የተስፋፋ ነው። የፋብሪካው ገመድ ጤነኛ ከሆነ ትርፉ ከምንም አይቆጠርም፤ ጤነኛ ደም መልስ ላይ ሌላ ደም መልስ እንደ መቀጠል ነው። አሮጌ መኪና ላይ ልዩነት ካሳየ የዛገውን ገመድ ስለተካ ነው፤ ለዚያ አንድ ተራ ገመድ ይበቃል።

በመብራት ማቆሚያ ላይ ራሱ ጠፍቶ የሚነሳ መኪና ያላችሁ ተጨማሪ ገመድ በቀጥታ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ አትሰሩ፤ እዚያ ባትሪውን የሚከታተል መለኪያ ሊኖር ይችላል፤ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰር። በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ 200 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊኖርበት ይችላል።

ራሳችሁ መንካት ካልፈለጋችሁ ለጋራዡ እንዲህ በሉ፦ «ቲቭደኩ በቫካሻ ማፓል ማታኽ ባሃአራካ»፤ በግራውንዱ ላይ የሚባክነውን ቮልት ለኩልኝ ማለት ነው። ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ ባትሪ በግምት አይሸጥለትም። ዋጋውን ከሥራው በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ። ገመዱን ከቀየሩት አሮጌውን ስጡኝ በሉና ጫፉን ላጥ አድርጋችሁ እዩት፤ መዳቡ ቀይ ሆኖ ካብለጨለጨ ለምን እንደተቀየረ እዚያው ሳትወጡ ጠይቁ።