በሰውነታችን ውስጥ ያለ የሕመም ማስታገሻ

በአዲስ አበባ፣ ገርጂ፣ ሕንፃ ሲሠራ ሚስማር መርገጥ አለ። በገጠርም እሾህ ይወጋል። የተወጋው ቦታ ይቀላል፤ ያብጣል፤ ይግላል። ሕመሙ «እግርህን አሳርፍ!» ብሎ ያስጠነቅቀናል።

የሕመሙን ወሬ ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮች ናቸው። አንጎልም ዝም አይልም። ሕመም የሚያስታግሱ ቅመሞችን ያመነጫል። አንዱ ኤንኬፋሊን ይባላል። ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ የተባሉ ሊቃውንት፣ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ስኮትላንድ ውስጥ ከአሳማ አንጎል አገኙት።

ይህ ቅመም እንዴት ይሠራል? በነርቮች ላይ «ተቀባይ» የሚባሉ ነገሮች አሉ። ተቀባዩ እንደ ጓጉንቸር ነው፤ ኤንኬፋሊን እንደ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲገጥም የሕመሙ ወሬ ይቀንሳል። ሐኪም የሚያዘው ሞርፊንም የሚገጥመው በዚሁ ጓጉንቸር ነው። ባበጠው ቦታም ነጭ የደም ሕዋሶች እንዲህ ያለ ቅመም ያፈልቃሉ።

ነገር ግን ሕመሙ በረደ ማለት ቁስሉ ዳነ ማለት አይደለም። ቅመሙ ሕመምን ያበርዳል እንጂ ጀርም አይገድልም። መንጋጋ ቆልፍ ሕመሙ ከተረሳ በኋላም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሚስማር ወይም እሾህ ቢወጋን፣ ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና እንጠብ። ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ ሄደን ስለ ክትባቱ እንጠይቅ።