የአሮጌው ላንድክሩዘር የባሌስትራ ጎሚኒ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በውርጌሳ አልፎ ወደ መርሳና ወልድያ ከሚዘልቀው ዋና መንገድ ወጥቶ ወደ ሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ለሚገባ መኪና፣ ጠጠሩና ድንጋዩ ከሞተሩ ይልቅ ሻንሲውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዙትን የሥር ክፍሎች አጥብቆ ይፈትናል። እንዲህ ባለ መንገድ ለረጅም ዘመን ካገለገሉት መኪኖች አንዱ ቶዮታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1984 ያመረተው ባለ 40 ተከታታይ ላንድክሩዘር ሲሆን፣ አራቱም ጎማዎቹ የተንጠለጠሉት በባሌስትራ፣ ማለትም ጎበጥ ብለው በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ላይ ነው።

የባሌስትራው ዋና ቅጠል በሁለቱም ጫፎቹ ተጠቅልሎ ዐይን የሚባል ቀዳዳ ይሠራል። አንደኛው ዐይን ፔርኖ በሚባል ወፍራም ዘንግ ከሻንሲው ጋር በቋሚነት ይታሰራል፤ ሁለተኛው ግን ባሌስትራው ሸክም ሲበዛበት እየተዘረጋ ስለሚረዝም፣ ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ ማያያዣ ላይ ይንጠለጠላል። ብረት ከብረት እንዳይፋተግና የመንገዱ ንዝረት በቀጥታ ወደ ሻንሲው እንዳይወጣ፣ በሁለቱ ዐይኖችና ማያያዣው ሻንሲውን በሚይዝበት ቦታ ጎሚኒ የተባለው የላስቲክ ቀለበት ይገባል። በዚህ መኪና ላይ እያንዳንዱ ቦታ ከግራና ከቀኝ የሚገጥሙ ሁለት ጎሚኒዎች ስለሚይዝ፣ ለአንድ ባሌስትራ ስድስት፣ ለመኪናው በጠቅላላ 24 ያስፈልጋሉ።

ላስቲክ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ የሚንጠባጠብ ዘይት ካገኘው ደግሞ አብጦ ይልፈሰፈሳል። ጎሚኒው ባለቀ ጊዜ ፔርኖው በዐይኑ ውስጥ መላወስ ስለሚጀምር አክሰሉ ከትክክለኛ ቦታው ፈቀቅ ይላል፤ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ጉድጓድ ሲገባ ከሥሩ ይንኳኳል፣ ጎማውም አንድ ጎኑ ብቻ ይበላል። እነዚህ ምልክቶች በመሪው ላይ ከሚደርስ ብልሽት ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ረጅም ብረት በዐይኑና በመያዣው መካከል አስገብቶ በቀስታ ፈልቀቅ በማድረግ ክፍተቱን ማየት መሪውን በከንቱ ከመፍታት ያድናል።

ለለውጡ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆምና የማይነሡት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ፤ ሻንሲው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ካረፈ በኋላ አክሰሉ ለብቻው በክሪክ ተይዞ ባሌስትራው ከጫና ነጻ እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ስለሆነ፣ በምንም ምክንያት ሊደረግ አይገባም። የዛገ ዳዶ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተደርጎበት ቢያድር ይመረጣል፤ በእሳት ማጋል ግን፣ ሥራውን ቢያፋጥንም፣ የባሌስትራውን ብረት ጥንካሬ ያሳጣዋል። አሮጌው ጎሚኒ ከወጣ በኋላ ዐይኑ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፤ ፔርኖውም በጣት ተዳስሶ ጎድጎድ ያለ ቦታ ከተገኘበት አብሮ መለወጥ አለበት፤ ምክንያቱም በተበላ ፔርኖ ላይ የገባ አዲስ ጎሚኒ ዕድሜው አጭር ነው። ጎሚኒውን ለማንሸራተት ግራሶ ወይም የሞተር ዘይት ሳይሆን የሳሙና ውኃ መጠቀም ይገባል።

ፖሊዩሬቴን ከተባለ ጠጣር ፕላስቲክ መሰል ነገር የሚሠራ ጎሚኒም አለ፤ ዘይት የማይበግረው ቢሆንም፣ ከላስቲኩ የበለጠ ንዝረት ስለሚያሳልፍ ለጠጠር መንገድ ጥሩ የላስቲክ ጎሚኒ ይሻላል። የትኛውም ቢመረጥ የግራውና የቀኙ በአንድ ጊዜ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ አክሰሉን አንዱ ወገን አጥብቆ፣ ሌላው አላልቶ ይይዘዋል።

ብዙ ድካም የሚባክነው በመጨረሻው ደረጃ ነው። ላስቲክ በጠበቀበት አቋም ስለሚያዝ፣ ዳዶው መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ወርዶ ባሌስትራው ሲጫን ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ በየጉድጓዱ እየተጎተተ ያለጊዜው ይቀደዳል። ስለዚህ ዳዶዎቹ በመጀመሪያ ላላ ብለው ይታሰሩና መኪናው በአራቱም ጎማዎቹ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ይጠብቃሉ፤ ከጥቂት ቀናት ጉዞም በኋላ ዳግም ይፈተሻሉ። ላንድክሩዘሩን ጋራዥ የሚያስገባ ባለቤት ሌላውን ሁሉ ለባለሙያው ቢተው እንኳ፣ ይህ የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው ከወረደ በኋላ መደረጉን ቆሞ ይይ።