በኢቃማ መኮንን መሆን ይቻላል?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኩዌት፣ ሳልሚያ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ ወሬ አይጠፋም። አንዱ «የኩዌት ጦር የውጭ ሰው ይቀጥራል፤ ዐረብኛ ከቻልክማ መኮንን ያደርጉሃል» ይላል። ሌላው ሠራዊቱ ድሮም የቢዱኖች እንደነበር ያወራል። ሦስተኛው «ዋስጣ (ትውውቅ) ከሌለህ ኩዌቲም ብትሆን በሩን አታልፍም» ብሎ ጨዋታውን ይዘጋዋል። እያንዳንዱ ወሬ መነሻ አለው፤ ግን እየተቀባበለ ሲመጣ ተንሻፏል።

የመጀመሪያው የመጣው ዓይን ካየው ነገር ነው። ከኩዌት ከተማ በስተደቡብ ዐሪፍጃን የአሜሪካ ጦር ሰፈር አለ። የእንግሊዝ አሠልጣኞችም ከኩዌት ጦር ጋር ሲሠሩ ኖረዋል። እነዚህ ግን በመንግሥታቸው የተላኩ ናቸው እንጂ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ይዘው ማመልከቻ ያስገቡ አይደሉም። በዓሊ አል-ሰባህ ወታደራዊ ኮሌጅ እጩ መኮንን ሆኖ ለመግባት የኩዌት ዜግነት ያስፈልጋል። ስለዚህ «አስመዘግብሃለሁ» ብሎ ዲናር የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ፣ ሻይ ጋብዞ መሸኘት ነው።

የቢዱኖቹ ነገር ይበልጥ ያሳዝናል። «ቢዱን» ማለት «ያለ» ማለት ነው፤ ዜግነት የሌላቸው ሰዎች መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከ1990 (እ.ኤ.አ.) በፊት ከተራ ወታደሩ አብዛኛው ቢዱን እንደነበር እውነት ነው። ኢራቅ በነሐሴ 2 ቀን 1990 (እ.ኤ.አ.) ስትገባ፣ ከከተማው በስተምዕራብ ጃህራ አጠገብ በቺፍተን ታንክ የተዋጋው የዚሁ ሠራዊት 35ኛው ብርጌድ ነበር። ኩዌት በ1991 ነፃ ስትወጣ ግን ቢዱኖች በጅምላ በጥርጣሬ ታዩ፤ ብዙዎቹም ከሥራ ተባረሩ። ዛሬ ወሬውን የሚያወራው ሰው የሚጠቅሰው ይህን ያለፈ ዘመን ነው።

ዋስጣስ? ዘመድና ትውውቅ በኩዌት ቢሮዎች ጉዳይ እንደሚያስፈጥን በሰው ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ጦሩ ጋ ብቻ የለም ብሎ መማል የዋህነት ነው። ነገር ግን አመልካች የትምህርት ማስረጃ ያቀርባል፣ ቁመትና ክብደቱ ይለካል፣ የጤና ምርመራ ያደርጋል፣ ይሮጣል፣ ለቃለ መጠይቅም ይቀርባል። አጎት ስልክ ሊደውል ይችላል፤ ሩጫውን ግን የሚሮጠው ልጁ ራሱ ነው።

ሩጫው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) በኩዌት ምጥሪባ 53.9 ዲግሪ ሴልሲየስ ተመዝግቧል። ስለዚህ በበጋ ለፈተና የሚዘጋጅ ወጣት ፀሐይ ሳትጠልቅ አይወጣም። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሚሽሪፍ የእግር መንገድ ላይ፣ በልብ ድካምና በስኳር ፍርሃት ከሚራመዱ አዛውንቶች መሃል እየተሽሎከለከ ሲሮጥ ይታያል። ቲሸርቱ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ የውኃ ጠርሙሱም ገና አንድ ዙር ሳይጨርስ ለብ ብሏል። ቤት ሲገባ እናቱ ማችቡስ (ሩዝ በሥጋ) ይዛ ትጠብቀዋለች፤ ዋናው ፈተና ያ ሳይሆን አይቀርም።

ወታደርነትን አቅልሎ ማየት እኛም አገር ነበር፤ በኢትዮጵያ «ትምህርት ያቃተው ወታደር ይሆናል» ይባል ነበር። የሐረር ጦር አካዳሚ ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሕንድ መኮንኖች አሠልጣኝነት ሲጀምር ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶችን መርጦ ሦስት ዓመት ያስተምር ነበር።

ሌላው ድብልቅልቅ ደግሞ የዩኒፎርሙ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ «ዐስከሪ» (ወታደር) ስለሚባል የአንድ መሥሪያ ቤት ሰው ይመስላል። ጦሩ የመከላከያ ሚኒስቴር ነው። ፖሊሱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሲሆን መኮንኖቹ በሳድ አል-ዐብደላህ አካዳሚ ይማራሉ። በ1967 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው ብሔራዊ ዘብ ከሁለቱም ውጭ ነው። አንዱ ጋር ያመለከተ ሌላው ጋር አመለከተ ማለት አይደለም። የብሔራዊ አገልግሎቱም ሌላ ነገር ነው፤ በ2001 ቆሞ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሲመለስ ኩዌታውያን ወንዶች 12 ወር እንዲያገለግሉ ያስገድዳል እንጂ የመኮንንነት ማዕረግ አይሰጥም።

«ሴት አትገባም» የሚለውም ጊዜው አልፎበታል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ፖሊስ ሴቶችን በ2009 (እ.ኤ.አ.) አስመርቋል። ጦሩ በጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.) በወቅቱ የመከላከያ ሚኒስትር በነበሩት በሐመድ ጃብር አል-ዓሊ ውሳኔ ለሴቶች ተከፈተ። ብዙ ሳይቆይ ግን የአሳዳጊ ፈቃድና ሂጃብ ያስፈልጋል፣ መሣሪያም አትይዝም የሚል ቅድመ ሁኔታ መጣ፤ የሴቶች መብት ተሟጋቾችም ተቃወሙት።